በሬ የተሸጠበት ሄድፎን

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወርዶ «የቢሆነኝን ቤት አሳዩኝ» ያለ እንግዳ መጉላላቱ አይቀርም። ቢሆነኝ የሚባል ሰው በከተማው ሞልቷል። ልብስ ሰፊው አለ፣ ባለ ወፍጮው አለ፣ ደላላውም አለ። «በሬ ጆሮው ላይ የሚጭነው» ብሎ ከጠየቀ ግን ባጃጅ ነጂውም ሸንኮራ ሻጯም ሳቅ እያሉ ወደ አንድ ቤት ይጠቁሙታል። ቢሆነኝ ራሱም ከለመደው ቆይቷል። ሰው አንዴ ስም ካወጣልህ ምን ታደርጋለህ፤ ይዘኸው ትኖራለህ እንጂ።

የስሙ አመጣጥ እንዲህ ነው። አባቱ አያ እንዳለው ከከተማው አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ በቆሎና በርበሬ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሥርጉትን ሲያገባ እንደ ወጉ ጎጆ መውጫ ሰጡት፤ ከጥማዳቸው አንዱን፣ ቦራውን በሬ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ዳልቻው ከእሳቸው፣ ቦራው ከልጃቸው ሆኖ በመቀናጆ ሊያርሱ ነው። የቢሆነኝ ልብ ግን እርሻው ላይ አልነበረም። ሠርግ ቤት ሞንታርቦ መደርደር፣ ማይክ መትከል፣ ሚክሰር መነካካት ጀምሯል። የሠርግ ዘፈን እየቀረጸም ለሙሽሮች በፍላሽ ይሰጣል። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሄድፎን። ከገበያ የሚገዛው ሁሉ ድምፁ ጋን ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ያህል ነው፤ ደግሞ አንድ ሠርግ ሳይጨርስ ወይ አንድ ጆሮው ይሞታል ወይ ከአናቱ ይሰበራል።

ቡሬ ላይ ስልክና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ከድር የሚባል ወዳጅ ነበረው። አንድ የገበያ ቀን ከድር ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ካርቶን አወጣ። ወንድሙ ከዱባይ የላከው፣ ጀርመን አገር ለስቱዲዮ የተሠራ ሄድፎን ነው። ቡሬ ውስጥ የሚገዛው ጠፍቶ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል።

«ወላሂ፣ አንተ ካልወሰድከው ለወንድሜ መልሼ እልከዋለሁ» አለው። «እስቲ አድርገው።»

ቢሆነኝ አደረገውና ራሱ የቀረጸውን የማሲንቆ ድምፅ በፍላሽ አስከፈተ። ያንን ቅጂ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። አሁን ግን የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ሲፍቀው ተሰማው። ዘፋኙ ከግጥሙ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ተሰማው። ከበስተኋላ አንድ ሰውዬ ሳል ሳል አደረገው፣ ቀጥሎ ከሩቅ ዶሮ ጮኸ። ቢሆነኝ ሄድፎኑን አውልቆ ዶሮውን ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ። ከድር ይህን ነገር ዛሬም ድረስ ሲያወራው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ዶሮው ቅጂው ውስጥ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር፣ የሚያሰማው ጠፍቶ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ቦራው ቡሬ ወረደ። ቢሆነኝ በሬውን ነድቶ ሄዶ ካርቶን በብብቱ ይዞ ተመለሰ።

አያ እንዳለው ሄድፎኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ቀንዱ የት ነው?» አሉ። ክረምቱን ሙሉ ልጃቸውን አላነጋገሩትም፤ ዳልቻውንም ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጁት። ሥርጉትስ ብትሆን፣ ሙሽራ ሆና በገባች በማግሥቱ በሬ ወጥቶ ሄድፎን ሲገባ ደስ ሊላት ነው? «በሬ ጆሮው ላይ የሚጭነው» የሚለው ስምም በዚያው ክረምት ወጣ።

በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዳልቻው ታሞ ሞተ። በእሱ ፈንታ የተገዛውም አረጀና ተሸጠ። ሄድፎኑ ግን ወይ ፍንክች። ፈረስ ቤት መንገድ ላይ ከአይሱዙ ጣሪያ ወድቆ፣ ቢሆነኝ አቧራውን ሲያራግፍለት ሥራውን ቀጥሏል። አንድ ሠርግ ላይ ሰውነቱ ሞላ ያለ ሚዜ ተቀምጦበት ሚዜው ነው የጮኸው። ጠላ ፈስሶበታል፣ የሐምሌ ዝናብ ወርዶበታል፣ ፍየል ገመዱን በልታበታለች፤ ገመዱ ተነቃይ ነውና ሌላ ተተካለት። ቢሆነኝ በየጊዜው ልቡ ድው እያለ ያነሣዋል፣ ጆሮው ላይ ያደርገዋል፣ ሁሉም በቦታው ነው። አያ እንዳለውም ታረቁ። ልጃቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ «በሬህ ደህና ነው? ከእኔዎቹ እሱ ሳይሻል አልቀረም» ይሉት ጀመር።

የሄድፎኑን ጥሩነት ሰው ሲጠይቀው ቢሆነኝ ያው አንድ ነገር ነው የሚለው። «አያጋንንም።» ርካሹ ሄድፎን ከበሮውን እያንቧረቀ፣ ሁሉን እያሳመረ ያሞኝሃል፤ እሱን አምነህ ታስተካክላለህ፣ ዳሱ ውስጥ ስትሰማው ሌላ ነው። ይሄኛው የከበሮውን ጉምታ ለብቻ፣ የዘፋኟን ድምፅ ለብቻ፣ ጭብጨባውን ለብቻ በየቦታቸው አስቀምጦ ያሰማሃል። መጥፎውን መጥፎ ነው ይልሃል። «በሬው አይዋሽም» ይል ነበር ቢሆነኝ። ይህችን አባባሉን ያዙልኝ፤ መዘዝ ያመጣችበት እሷ ናት።

አሠራሩንም እወቁት። ዳስ ውስጥ ሁለቱን ጆሮ ከደፈንክ የሠርገኛውን ነገር አታውቅም። ስለዚህ ቢሆነኝ ግራውን ክፍል ግራ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ቀኙን ክፍል ወደ ኋላ ገፍቶ ቀኝ ጆሮውን ለዳሱ ይተወዋል። ይህን ያህል ዘመን እንዲያ ነው የሠራው። ስልክ እንኳ በቀኙ ነው የሚያወራው፣ ግራው ሥራ ላይ ነውና። በዚህ የተነሣ የሄድፎኑ ግራ ትራስ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው፣ ቆዳው ቀድሞ ተሰነጣጠቀ። ቢሆነኝ ከሥራ ሲመለስ ጥቁር ቅርፊት ጉንጩ ላይ ተለጥፎ ይገባል፤ ሥርጉት እያራገፈች «ድስት የላስክ ትመስላለህ» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፣ ሄድፎኑን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ካለችው ምስማር ላይ ይሰቅላል። በቃ ይኸው ነበር ኑሯቸው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ላይ አንድ ትልቅ ሠርግ ያዘ። ዘፋኟ ገና ስትጀምር ነገሩ ገባው፤ ድምፁ ታፍኗል። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል፤ ጭብጨባው የለም፣ የግጥሙ ቃል ግድግዳ ለይቶት ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣ ይመስላል። ሚክሰሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ትንሽ ተሻለው። ጨመረበት። ያኔ የሙሽራዋ አጎት ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው መጡ።

«ምን ነካህ ልጄ፣ ጆሯችንን በሳኸው እኮ» አሉት።

ቢሆነኝ ቀኝ ጆሮውን ወደ ዳሱ ሰጠ። እውነታቸውን ነው፤ ሞንታርቦው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ቶሎ ብሎ መለሰው፣ ይቅርታ ጠየቀ። ሄድፎኑን አነሣና ቀኙን ክፍል ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ጥርት ያለ ነው። ግራውን ወደ ግራው መለሰ፤ ታፍኗል።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ሄድፎኑን ይጠረጥራል። ቢሆነኝ አልጠረጠረም። ከአይሱዙ ወድቆ ያልተነካ፣ ሚዜ ተቀምጦበት ያልተሰበረ ዕቃ እንዴት ይጠረጠራል? በሬው አይዋሽም ብሏል። ስለዚህ የዋሸው ጆሮው ነው።

ደግሞ ምክንያት ነበረው። አያ እንዳለው ደንቆሮ ናቸው። የጀመራቸው ልክ በቢሆነኝ ዕድሜ ነው፤ መጀመሪያ ግራው ሄደ፣ ቀጥሎ ቀኙ ተከተለ። «ጥጥ የወተፉብኝ መሰለኝ» እያሉ ነው የሚያወሩት። ዛሬ አጠገባቸው ቆሞ ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ሰው አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር አገጫቸውን ቀና አድርገው «ምን አልክ?» ይላሉ። ቢሆነኝ ከልጅነቱ ጀምሮ ያቺን «ምን አልክ?» ሲሰማ ነው ያደገው። ገበሬ ቢደነቁር ያርሳል፤ በሬ አያወራ። የድምፅ ሰው ሲደነቁርስ? ቢሆነኝ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ አይወድምም። እንጀራውም ደስታውም ጆሮው ናት።

ለማንም አልተናገረም። ሥርጉት በግራው ስትቀመጥ ተነሥቶ ይዞራል፤ አልጋ ላይ ቦታ ለወጠ፤ መንገድ ሲሄዱ በቀኙ ያደርጋታል። እሷ ደግሞ ምክንያቱን ሳታውቅ ታየዋለች። አንድ ነገር ሲያመልጠው እንደ ሰው «ምን አልሽ?» ብሎ መጠየቅ ትቷል፤ ያቺ የአባቱ ቃል ከአፉ እንዳትወጣ ይፈራል። የሰማ ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። ጨው ግዛ ተብሎ ራሱን ነቅንቆ ስኳር ይዞ የገባበት ቀን አለ፤ ሥርጉት ጨዉን ከጎረቤት ተበደረች።

ጣቶቹን ግራ ጆሮው ሥር አፋትጎ መሞከር እኮ ቀላል ነው። ስንት ጊዜ እጁን አንሥቶ መልሷል። ባይሰማስ? ሳይሞክር እስከቆየ ድረስ ገና አልተፈረደበትም። አንድ ቀን ጆሮውን ሊታይ ክሊኒክ ድረስ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ከሱቋ ማስቲካ ገዛ፣ እያኘከ ተመለሰ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጎበዝ ነኝ የሚለውን ሁሉ።

የግንቦትን ሠርጎች አንድ በአንድ መለሰ። አንዱን ታምሜ ነው አለ፣ አንዱን ሚክሰሩ ተበላሽቷል አለ። በመጨረሻ ቡሬ ላይ ሞንታርቦ የሚያከራየው ናሁሰናይ ዘንድ ደወለ። ናሁሰናይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሄድፎኑ ላይ ዓይኑ ካረፈ ግን ዓመታት ሆነው። ቢሆነኝ ዕቃውን ሁሉ ሊለቅለት ተስማማ። ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ ሊጭን ተቀጣጠሩ።

«በሬውም አለበት?» አለ ናሁሰናይ።

«አለበት» አለ ቢሆነኝ። ስልኩን ዘግቶ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆመ።

አንድ ቃል ግን ነበረበት። ከፈረስ ቤት በኩል እትየ ሸጋዬ የሚባሉ አውራጅ አሉ። የሠርግ ዘፈን ሲያወርዱ ተቀባዮቹ ሴቶች ትንፋሽ እስኪያጥራቸው የሚያስከትሉ ናቸው። በቢሆነኝና በሥርጉት ሠርግ ላይም ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ዘፈኖቼን ቅረጽልኝ፣ እኔ ሳልፍ ልጆቹ ከምን ይማራሉ ብለውት፣ እሺ ካለ ቆይቷል። አሁን መምጫቸው ደረሰ። ሊመልሳቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን በሠርግህ የዘፈነችን እናት ከመንገድ አትመልስም። ዓርብ ዕለት ከሚኒባስ ወርደው፣ ነጭ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ከበሯቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

ሥርጉት ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላቸውና በርበሬዋን ልትለቅም ወደ ጓሮ ወጣች። ቢሆነኝ ማይኩን አስተካከለ። ሄድፎኑን ባለፉት ሳምንታት እንደለመደው ግራውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ቀኙን ክፍል ብቻ ቀኝ ጆሮው ላይ ይዞ ቀረጸ። እትየ ሸጋዬ አወረዱ። ድምፃቸው ዕድሜያቸውን የካደ ነው። ቢሆነኝ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እንዲህ ያለውን ድምፅ በሙሉ ጆሮ ሳይሰማው ሊለየው እንደሆነ አሰበ።

«እስቲ እኔም ልስማው» አሉ እትየ ሸጋዬ ሲጨርሱ።

«ይስሙ፣ እትየ» ብሎ ሄድፎኑን ሰጣቸው። እሱ ፍላሹን ሊያነሣ ዞር ሲል እሳቸው ሻሻቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ራሳቸው አጠለቁት። ቅጂውን ከፈተላቸው። ፊታቸው መጀመሪያ ፈካ፤ ወዲያው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«በቀኜ በኩል ምን አደረግህበት? ታፍኗል እኮ ልጄ።»

ቢሆነኝ አዘነላቸው። እሳቸውንም ጀመራቸው አለ በልቡ። «ዕድሜ ነው እትየ፣ ቀስ እያለ ይመጣል» አላቸው።

«የምን ዕድሜ» አሉ እትየ ሸጋዬ። ቆጣ ብለዋል። ሄድፎኑን አውልቀው ጣቶቻቸውን በቀኝ ጆሯቸው ሥር አፋተጉ፣ በግራውም አፋተጉ። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ጆሮዬንስ አትንካብኝ። የታፈነው ያንተ ዕቃ ነው፣ ከዚህ ከቀኙ።»

«ቀኙ ጥሩ ነው እኮ እትየ፣ አሁን በእሱ ነው የቀረጽኩት።»

«እንካ፣ ራስህ እየው» ብለው መልሰው አጠለቁትና በጣታቸው ጠቆሙት።

ቢሆነኝ ተጠጋ። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ያለውን ክፍል አየ። ትራሱ ተሰነጣጥቋል። ቆዳው ተላልጧል። የተሰነጣጠቀው ደግሞ ግራው ነው። እትየ ሸጋዬ ሄድፎኑን አዙረው ነው ያደረጉት፤ ግራው ክፍል የሳቸው ቀኝ ጆሮ ላይ ነው። በደህናው ጆሯቸው ላይ ታፍኗል።

ሄድፎኑን ከራሳቸው ላይ ቀስ ብሎ አወለቀ። ያን ሁሉ ዓመት አድርጎት በማያውቀው አኳኋን አዞረው። ደህናውን ቀኝ ክፍል ግራ ጆሮው ላይ አደረገና ቅጂውን ከፈተ።

የእትየ ሸጋዬ ድምፅ በግራ ጆሮው ገባ። ትንፋሻቸው ገባ። የከበሮው ጉምታ ገባ፣ ጣታቸው ከቆዳው ላይ ሲነሣ የሚሰማው ኮሽታ ሳይቀር። ሄድፎኑን ጣለና ጣቶቹን ግራ ጆሮው ሥር አፋተገ። ሰማ። ደግሞ አፋተገ። ሰማ። እዚያው ከሚክሰሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉ እትየ ሸጋዬ።

«አይ እትየ፣ ድኜ ነው» አላቸው። ይስቃል፣ እንባውም ይወርዳል። ያ ስንት ሳምንት ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ወርዷል። እሳቸው ምንም አልገባቸውም። ብቻ እንደ እናት ራሱን አሻሹት፣ ቀጥለውም ወደ ዳቧቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ ያደረገው ስልኩን ማንሣት ነው። ናሁሰናይ ዘንድ ደወለና ስልኩን ግራ ጆሮው ላይ ደገነ። የወዲያኛው ጥሪ ጢጥ ጢጥ ሲል እንኳ ዘፈን ሆኖ ተሰማው።

«ነገ እንዳትመጣ» አለው። «ዕቃው አይሸጥም።»

«ምነው፣ ሌላ ሰው መጣብኝ?» አለ ናሁሰናይ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታው፣ ከጀርባው የቡሬ መንገድ ጡሩምባ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ማንም አልመጣም። ጆሮዬ ተመለሰልኝ» አለው ቢሆነኝ። ናሁሰናይም እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም።

አሁን ወደ ሄድፎኑ ተመለሰ። የግራውን ትራስ በጥፍሩ ነቅሎ አወጣው። ከውስጥ ያለው ስስ ጨርቅ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳች ነገር ረግቶበት ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። አሸተተው። ቅቤ ነው። የቆየ ቅቤ።

ቢሆነኝ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ሰሞን ሄድፎኑን ባጠለቀ ቁጥር ቅቤ ቅቤ ይሸተው ነበር። የሥርጉት ጠጉር ሽታ ልብሴ ላይ ቀርቶ ነው እያለ ደስ ይለው ነበር እንጂ ሌላ አልመሰለውም። ምስማሩ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ትራሱ ላይ ያለ ቅቤ ሁሉ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

ጨርቁን በጥንቃቄ ላጠው። የገመዶቹን ጫፍ የሚያጸዳበት አልኮልና ጥጥ ነበረው፤ በእሱ እየነካካ የረጋውን ሁሉ ጠረገው። ራሱ ድምፅ ማውጫው ከጨርቁ ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ያለ ትራስ፣ ያለ ጨርቅ ጆሮው ላይ ያዘውና ቅጂውን ከፈተ። እትየ ሸጋዬ አወረዱ፤ ጭረት የለ፣ መታፈን የለ። በሬው በቅቤም አልሞተም። ዋሽቶም አልነበረም፤ ግራዬ ታፍኗል ብሎ እውነቱን ነበር የነገረው፣ ቢሆነኝ ነው የማን ግራ እንደሆነ ያልጠየቀው።

ትራሱን በእጁ እንደያዘ ወደ ጓሮ ወጣ። ሥርጉት ግንዲላ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትለቅማለች። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ በግራው አደረጋት። እሷ ነገሩን አይታለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በግራው አስቀመጣት።

ያን ጊዜ ነገራት። የቡሬውን ሠርግ፣ የሙሽራዋን አጎት፣ የክሊኒኩን በር፣ የአባቱን ጆሮ። ሠርግ የመለሰው ታሞ እንዳልነበረ፣ ሚክሰሩም እንዳልተበላሸ። ሥርጉት በርበሬውን መልቀም አቆመች።

«ደነቆርኩ ብለህ ነው ከአልጋው ወዲያ ማዶ የጣልከኝ?» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ እኮ ያስጠላሁህ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ማታ ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ ሳልተኛ ነው የከረምኩት። ብትደነቁር ትቼህ የምሄድ መሰለህ?»

«ፈራሁ» አለ ቢሆነኝ። «አንቺን ሳይሆን፣ እንዲያው ነገሩን ፈራሁ።»

«ታዲያ ዛሬ በምን ዳንክ?»

ትራሱን ጉልበቷ ላይ አኖረላት። ሥርጉት አየችው። ቢጫውን በጣቷ ነካ አደረገች፣ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። ጓዳ ውስጥ እትየ ሸጋዬ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ይሰማል።

ከዚያ ሥርጉት ፊቷን ሳታዞር፣ ዓይኗን ከበርበሬው ሳታነሣ፣ ለራሷ ያህል ብቻ ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የቀባሁት። የአባቴን የበቅሎ ኮርቻ ልጅ ሆኜ ቅቤ የምቀባው እኔ ነበርኩ፤ ቆዳው እስከዛሬ አልተሰነጠቀም። ያንተ ትራስ ግን ተሰነጣጥቆ ጉንጭህን ሲያቆስልህ ሳይ አላስቻለኝም። መጀመሪያ ሲመጣ ጠልቼው ነበር፣ በሬያችንን የበላ ብዬ። አሁን ግን ያንተ የሆነ ነገር ሲያረጅ ማየት አልፈለግሁም።»

ቢሆነኝ ቀና አለ። ፍም የመሰለ በርበሬ፣ የቆርቆሮው ጥላ፣ የሚስቱ አንገት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየ። ከዚያ ሳያስበው ያቺ የፈራት የአባቱ ቃል ከአፉ ወጣች።

«ምን አልሽ?»

ሥርጉት ደነገጠች። በርበሬውን ከጭኗ አራግፋ ተነሣችና በቀኙ በኩል ዞራ ልትነግረው፣ ጮክ ብላ ልትነግረው አለች። ቢሆነኝ እጇን ይዞ መልሶ በግራው አስቀመጣት።

«ሰምቼሻለሁ፣ ሁሉንም» አላት። «ደግሜ ልስማው ብዬ ነው። ከዚሁ ከግራ ሁነሽ በይው።»

ሥርጉት ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ከፊተኛውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከበቅሎው ኮርቻ ጀምራ ደገመችለት። ቢሆነኝ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፤ አንዲት ቃል አላመለጠችውም።